ያልታጠነ ውሃ

እኔ ቤት የውሃ እቃ አይታጠንም። ልጆቼ የእርጅና ጠባይ አድርገው ይቆጥሩታል። ምራቴ አንድ ቀን ከገበያ ወይራ ገዝታ መጥታ፣ «እማማ፣ እንስራው ይታጠንልዎ፣ ውሃው እንዲጣፍጥ» አለችኝ። እንጨቱን ተቀብዬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ወጥ ተሠራበት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ጅማ ያደገ ሰው የታጠነ እንስራን ያውቃል። እንስራው ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በሚጨስ የወይራ ስንጥር ላይ በአፉ ተደፍቶ ይቆያል። ጢሱ ሸክላው ውስጥ ይገባል። በኋላ የሚቀዳበት ውሃ ወይራ ወይራ ይላል። ባለሙያ ሴት የምትታወቀው በዚህ ነበር። ለእንግዳ ያልታጠነ ውሃ ማቅረብ፣ ደረቅ እንጀራ ያለ ወጥ እንደማቅረብ ነው። እናቴ ሰው ሲመጣባት ከምግቡ በፊት የምትጨነቀው ለውሃው ነበር።

የምጽፈው በደርግ ጊዜ ስለሆነ ነገር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ጅማ ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የውሃ ናሙና ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ ከሰሜን የመጣ ወጣት ሳኒታሪያን ነው፤ ውሃና ጽዳት የሚቆጣጠር ባለሙያ ማለት ነው። በዕድሜ ብዙም ስለማንራራቅ አንተና አንቺ እንባባላለን። እሱ ጠርሙሶቹን የሚይዘውን የእንጨት ሣጥን ይሸከማል፣ እኔ ገመዱንና ማስታወሻውን። አብዛኛው ሥራችን ከከተማው ውጭ ነበር፤ አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ። በየወንዙ ዳር እሸት ቡና የሚታጠብባቸው ጣቢያዎች አሉ። የልጣጩ ውሃ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ከታች ያሉ ሰዎች ይጮሃሉ፣ እኛ ሄደን እንቀዳለን። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል። ውጤቱ ሲመጣ ወይ ቡናው አልቋል ወይ ሰዎቹ ጩኸቱን ረስተውታል። ስለዚህ ሳኒታሪያኑ፣ «ያንቺ አፍንጫ ከአዲስ አበባ ይቀድማል» ይለኝ ነበር። ማላገጡ ነው፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ናሙና ከመቅዳታችን በፊት መጀመሪያ እኔ እንዳሸት አስለመደኝ።

አጋሮ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጠባቂ ያሳየኝ ዘዴም ነበር። ቡና የአጠገቡን ነገር ሁሉ ሽታ ይወስዳል። ናፍጣ በጫነ መኪና የመጣ ቡና እጅ ላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲቆላ ነው የሚጋለጠው። ሰውየው የጠረጠረውን ፍሬ ክዳን ባለው ጣሳ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አፍንጫውን ያስገባል። «ሙቀት ያናዝዘዋል» ይል ነበር። ይህን እዚህ የማነሳው በኋላ ስለጠቀመን ነው።

አንድ ጠዋት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት ወጣት ሴት ቢሯችን መጣች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ጠምጥማዋለች። ባሏ መታሰሩን ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ቦሳ ኪቶ፣ ከመንገዱ በላይ፣ ወደ ቡና አገሮቹ የሚመላለሱ የጭነት መኪኖች የሚያድሩበት የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ነበረ። ነዳጁ መሬት ውስጥ በተቀበሩ የብረት ታንኮች ይቀመጣል። ባሏ የታንኮቹ ጠባቂ ነው። የታንኩን አፍ ከፍቶ ረጅም ዘንግ ይሰድና፣ ዘንጉ ላይ እርጥቡ የደረሰበትን አይቶ የቀረውን ይናገራል። ክረምቱን በሙሉ ዘንጉ ከሚገባው በታች ይናገር ጀመር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ቤንዚን ጎደለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ሌብነት አይባልም። አሻጥር ነው የሚባለው። በሌብነት የታሰረ ይፈታል።

«ባሌ ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል አለ» አለች ሴትዮዋ። «የማመላልስለት ውሃ።»

«የት ነው የምትቀጂው?» አላት ሳኒታሪያኑ።

«ከመንገዱ በታች ካሉት እናት ጉድጓድ። ሁላችንም ከዚያ ነው የምንቀዳው።»

«ሌላ ሰው ሸተተኝ ብሏል?»

«ማንም። ጠባቂዎቹ ይስቁበታል። የጠጣኸው ቤንዚን ነው የሚያገሳህ ይሉታል። ሲጋራ ሲያጨሱ፣ ራቁ፣ ሰውዬው እንዳይፈነዳ ይባባላሉ።» ይህን ስትናገር ድምጿ አልተሰበረም። ተለማምዳው ነበር። «ፋይሉ ሐሙስ ወደ ላይ ይተላለፋል ተብሏል። ወደ ላይ ከሄደ አይመለስም።»

በዚያኑ ዕለት ሄድን።

የጉድጓዱ ባለቤት እስላም እናት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ሟቹ ከደዶ ድንችና ሽንኩርት እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር አሉ። ጉድጓዱን ያስቆፈረው እሱ ነው፤ አጥሩንም ወደ ውስጥ ገፍቶ፣ ጉድጓዱ ከደጅ ወገን እንዲሆን አድርጎ። ማንም ሰው በር ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀዳል። ሴትዮዋ በሩ ላይ ሲያዩን፣ «ኮታ፣ ሴና፣ ኑ ግቡ ልጆቼ» አሉን። ገና ሳንቀመጥ ውሃ መጣ፣ በነጭ ኩባያ። ወይራው ከሩቅ ይጣራል። ሳኒታሪያኑ ጠጣ። እኔም ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነበር።

ከጉድጓዱ እንቅዳ ማለት ነበረብን። የሴትዮዋን ውሃ ጠጥተን ስናበቃ ተነስተን ጉድጓዳቸውን ማሽተት ግን፣ የሰጡንን አላመንንም ማለት ነው። ሳኒታሪያኑ አየኝ፣ እኔም አየሁት። «እናቴ፣ ከዚሁ ትንሽ ይሙሉልን» ብሎ ጠርሙሱን ሰጣቸው። ከእንስራው ሞሉልን። ያ ጠርሙስ አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱ የመጣው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ለመጠጥ ተስማሚ ይላል።

በማግስቱ የእስረኛው ሚስት ተመልሳ መጣች። «ምን አገኛችሁ?»

«ምንም አይሸትም እኮ» አልኳት።

ክዳኑ ተዘግቶ በፀሐይ የመጣ ቢጫ ጀሪካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይኸው፣ እስር ቤት የማስገባለት። አሽቺው።»

ክዳኑን ከፈትኩ። ማሽተት አላስፈለገኝም፤ ክፍሉን ሞላው። ሳኒታሪያኑ ከወንበሩ ተነሳ።

«እቤትሽስ ያለው?»

«ሲቀዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ አያስታውቅም፤ የቤቱን ደግሞ አጥኜ ነው የምቀዳው። እስር ቤት ሸክላ አያስገቡም። ተሰብሮ ስለት ይሆናል ብለው። በዚህ ብቻ ነው የሚፈቅዱልኝ።»

የሠፈሩ ሰው በሙሉ በወይራ ጢስ ውስጥ አሳልፎ የሚጠጣውን ውሃ እንዳለ የሚጠጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የጎደለውን ቤንዚን ሰርቀሃል ተብሎ የታሰረው ሰው ነው። ቤንዚኑ በውሃው ውስጥ ሆኖ በየቀኑ እየሄደለት ነበር።

ወደ መኪናው ግቢ ገባን። በታንኮቹ ዙሪያ፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ አጥሩ፣ ትንንሽ ጉድጓዶች አስቆፈርን። ከየጉድጓዱ አንድ አንድ እፍኝ አፈር ወስጄ ክዳን ባለው ጣሳ አደረግሁና ፀሐይ ላይ ደረደርኩት፤ የአጋሮውን ሰውዬ አስታውሼ። ከሰዓት በኋላ ከፈትናቸው። ከታንኮቹ በላይ በኩል ያለው አፈር አፈር ይሸታል። ከታች ያለው ግን እስከ አጥሩ ድረስ ዓይን ያስለቅሳል። ሳኒታሪያኑ ተደስቶ የጎደለውን ቤንዚን የሚመረምረውን ኮሚቴ ሊቀመንበር ጠራው።

ሊቀመንበሩ ካኪ ለብሶ መጣ። ጣሳዎቹን እያየ ዞረ።

«የመኪና ግቢ ቤንዚን ባይሸት ነው የሚገርመኝ» አለ። «ምን መስሏችሁ ነው የመጣችሁት፣ ሽቶ ቤት?»

«ጓድ፣ ታንኩ በዝገት ተበልቶ ነው። ወደ ታች እየሄደ ነው።»

«ሲቀዳ የፈሰሰ ነው። ከፈሰሰም ያፈሰሰው እሱ ነው። አንድ ክስ ልታነሱለት መጥታችሁ ሌላ ጨመራችሁለት።»

«እስከ አጥሩ ድረስ ይሸታል፣ ጓድ።»

«በአፍንጫ ክስ አይፈርስም።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ «ከመንገዱ ማዶ አሳዩኝ» አለ። «መኪና ገብቶ በማያውቅበት መሬት። በዓይን የሚታይ። ሐሙስ ጠዋት ከማለፉ በፊት።»

ከመንገዱ ማዶ ቁልቁል፣ ረግረግ ወዳለበት አቅጣጫ፣ ያለው የእኚያ እናት ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ስንደርስ ጉድጓዱ በቆርቆሮ ተከድኗል። ድንጋይ ተጭኖበታል። ሴትዮዋ ደጅ ቆመው ነበር። ለሳኒታሪያኑ፣ «ጉድጓዴ ደህና ነው። ትናንት ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ሄዳችሁ» አሉት። ሊያስረዳቸው ሲጀምር ወደ ኦሮምኛ ዞሩ። እሱ ኦሮምኛ አያውቅም። ያን ያደረጉት እኔን ብቻ ለማነጋገር እንደሆነ ገባኝ። ሂድና ቆየኝ አልኩት።

ጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሳቸው እንደ ጅማ ሰው ነው የሚናገሩት፤ አንዱን ቃል በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል።

«ሸተተኝ ብል የቀበሌው ልጆች ምን ይላሉ?» አሉኝ። «ቤንዚን ጉድጓድ ውስጥ ደብቃለች ይላሉ።»

«አይሉም፣ እማማ።»

«ሰውየውን ምን አሉት ታዲያ?»

ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። ከአጥሩ ጥግ የተቆለለ ወይራ አየሁ። አንድ ቤት ብቻ የሚያጥነው አይደለም፤ ብዙ ነው። ዓይኔ የት እንዳረፈ አዩ።

«ክረምት ሲገባ ነው የሸተተኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውሃው ከፍ ሲል ይዞት መጣ። መጀመሪያ ከባልዲው መሰለኝ፤ ባልዲ ቀየርኩ። ከዚያ እጥፍ አድርጌ ማጠን ጀመርኩ። ለሚቀዱትም ወይራ እሰጣለሁ። ውሰጂ፣ አጥኝበት፣ ሰደቃ ነው እላለሁ። ለዚያች ልጅም ሰጥቻታለሁ፣ ባሏ ለታሰረው።»

«ለምን፣ እማማ?»

«አንቺ የእኛን አታውቂም ይሆናል። ሰው ሲሞት ሥራው ሁሉ ይቆማል። ውሃ ያወጣ ሰው ግን፣ ሰው በጠጣ ቁጥር አጅሩ፣ ምንዳው ማለት ነው፣ መቃብሩ ድረስ ይሄድለታል። ሰውየው ልጅ አልተወም። ከብት አልተወም። ይህን ነው የተወው።» ቆርቆሮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «እኔ ሚስቱ ነኝ። የቀረኝ ሥራ ይህ እንዳይቋረጥበት መጠበቅ ነው።»

አደባባይ ላይ የሚነገር ነገር ብናገር ይቀለኝ ነበር፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሕፃናት። አላልኩም። ስለ ሰውየው ነገርኳቸው። ጠባቂዎቹ ክብሪት እያሳዩ እንደሚስቁበት። ሐሙስ ፋይሉ እንደሚሄድ። የሚያስፈታው ሌላ ማስረጃ እንደሌለ።

«ከታየ ትደፍኑታላችሁ?»

«እንደፍነዋለን።»

«ተጠርጎ አይመለስም?»

«አላውቅም፣ እማማ። መሬት የጠጣውን ቶሎ አይተፋም።»

መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና እየጮኸ አለፈ፤ ወደ አጋሮ የሚሄድ ይሆናል።

«እንግዲህ ለአንድ ሕያው ብለሽ የሟቼን ውሃ አቋርጪ እያልሽኝ ነው» አሉ። በቁጣ አይደለም። ልክ መሆናቸውን እንዳረጋግጥላቸው የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«አዎ» አልኩ።

ሌላ ቃል ልጨምርበት ይገባ ነበር። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ብሆንም፣ እናቴ እንዲህ ያለ ነገር በባዶ አዎ እንደማይመለስ አስተምራኝ ነበር። አልጨመርኩም። ትክክል ስለሆንኩ መሰለኝ ዝም ያልኩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሂጂ በይ» አሉኝ። «ሐሙስ ይዘሻቸው ነይ።»

ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ ሁለት የኮሚቴ አባላት ይዞ መጣ። የሠፈሩ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ለመቅዳት ቆመው ነበር፤ ቆርቆሮው ለምን እንደተጫነ እየጠየቁ። የእስረኛው ሚስት ከኋላ ነበረች። ድንጋዩን ያነሱት እናትየው ራሳቸው ናቸው፤ ሳኒታሪያኑ ሊያግዛቸው ቢል በእጃቸው አርቀው። ባልዲውን ሰደዱ፣ ግን እንደወትሮው አላሰመጡትም፤ ውሃው ላይ አንሳፍፈው ላዩን ብቻ ጨለፉ። ያን ማንም አላስተማራቸውም። ክረምቱን በሙሉ ላዩን እየገፉ ከሥር ሲያወጡ ኖረዋል ማለት ነው።

ከባልዲው በኩባያ ቀዱ። በዚያው በነጩ ኩባያ። በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሊቀመንበሩ ሄዱ።

«ጠጣ ልጄ። ቤቴ መጥተህ ሳትጠጣ አትሄድም።»

ሊቀመንበሩ ተቀበለ። ምን ያድርግ፣ አሮጊት እናት በሁለት እጃቸው የሰጡትን። ወደ አፉ አስጠጋው፣ ከከንፈሩ ሳይደርስ አወረደው። እጁ ላይ ፈሰሰበት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ጠጣ እንጂ» አሉት። «ያ ሰው በየቀኑ ይጠጣው የለም?»

ሳኒታሪያኑ ሰዎቹን ወደኋላ አራቀ። ከባልዲው ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሶ፣ ከጉድጓዱ ርቆ መንገዱ ዳር ወሰደውና ክብሪት ጫረ። ውሃው ነደደ። ነበልባሉ በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም ነበር፤ ከበላዩ አየሩ ሲርገበገብ ነው ያስታወቀው። ከዚያ ጠፋና ሳህኑ ላይ ንጹሕ የሚመስል ውሃ ቀረ።

ሊቀመንበሩ አልተከራከረም። ያኔ አለመከራከሩ ትልቅ ነገር ነበር። የእስረኛው ሚስት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከቀጂዎቹ አንዷ ግን፣ ለክፋት ሳይሆን እንዲያው ከአፏ አምልጦ፣ «እኛ ታዲያ ይህን ስንጠጣ ነው የኖርነው?» አለች። ሌላዋ ስለ ልጇ ሆድ ማውራት ጀመረች። ሌላዋ ስለ ራስ ምታቷ። የክረምቱ ሕመም ሁሉ በዚያች ሰዓት ምክንያት አገኘ። ሳኒታሪያኑ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ይላል፤ ማን ይሰማዋል። እናትየው ባዶውን ኩባያ ይዘው መሐላቸው ቆመው ነበር። እያንዳንዱን ቃል ሲሰሙ አየሁ። ወይራውን ለምን ያድሉ እንደነበር ከእኔ በቀር የነገሩት ሰው አልነበረም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ቢሆንም ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ታንኩ ተቆፍሮ ወጣ። ሥሩ ዝጎ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ሰውየው ተፈታ። በተፈታ ማግስት ቢሮ መጥቶ እጄን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከስቶ ነበር። ጉድጓዱን ያስደፈንነው በዚያው ሳምንት ነው፤ የቀበሌው ሰዎች በዘመቻ ወጥተው፣ ድንጋይና አፈር እየጣሉ፣ እየዘፈኑ። ዘመቻ ሲሆን ይዘፈናል። እናትየው ባልዲውንና ገመዱን ቀድመው ወደ ቤት አስገብተውት ነበር። በሩ ተዘግቶ ዋለ።

የተፈታው ሰው ከሚስቱ ጋር ሊያመሰግናቸው ሄዶ አልወጡለትም። ከውስጥ ሆነው፣ «የመረዝኩትን ሰው ምስጋና አልቀበልም» አሉ። ባልና ሚስቱ ተመልሰው መጥተው ለእኔ ነገሩኝ። ሰውየው፣ «እኔን ለማስፈታት ብለው ነው ጉድጓዳቸውን ያጡት፣ እንዴት ነው እሳቸው የሚያፍሩት?» አለ። እሱም ያፍር ነበር። ዓይኑን ሳየው፣ ነጻ የወጣ ሰው ዓይን አይመስልም። ሚስቱም እንዲሁ፤ ያን ጀሪካን ተሸክማ ባሏ ድረስ ያደረሰችው እሷ ነች። ማንኛችንም ያጠፋነው ጥፋት ይህ ነው ብሎ የሚቆጥርብን አልነበረም። ታንኩን የበላው ዝገት ነው። ዝገት ግን አያፍርም፤ ስለዚህ እፍረቱን እኛ ተከፋፈልነው።

እኔ መንገድ ቀየርኩ። ቤታችን አወቱ መንደራ ነበር። ለሥራ ወደ ቦሳ ኪቶ ስሄድ በእናትየው ደጅ ማለፍ ያቀርብልኛል፤ በላይ በኩል ዞሬ እሄድ ጀመር። ሰውየው ይፈታ ወይስ አይፈታ ተብዬ ዛሬ ብጠየቅ መልሴ ያው ነው። አንድም ጊዜ ተጠራጥሬ አላውቅም። የምሸሸው መልሱን አልነበረም። መልሱን የሰጠሁበትን አሰጣጥ ነበር።

በጋው ገፍቶ፣ አንድ ከሰዓት፣ ከጌራ ስንመለስ መኪናው ቦሳ ኪቶ አጠገብ ተበላሽቶ በእግር ቀጠልን። ፀሐይ ነበር። ሳኒታሪያኑ፣ «ነይ በዚህ ያቋርጣል» ብሎ ቀድሞ ወረደ፣ እኔም ምክንያት ስላልነበረኝ ተከተልኩት። የእናትየው ደጅ ስንደርስ፣ ጉድጓዱ በነበረበት ቦታ አጠገብ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር አንድ እንስራ ተቀምጧል። አፉ ላይ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ነጩ ኩባያ። አንድ ሸክም አውርዶ የሚያርፍ ገበሬ እየጠጣ ነበር።

«እማማ፣ ይህ ውሃ ወይራ የለውም እንዴ?» አለ ገበሬው ወደ ውስጥ እየጮኸ። «ውሃ ውሃ ብቻ ነው የሚለው።»

«የለውም» አሉት ከውስጥ። «ውሃ ምን እንዲልህ ፈለግህ ታዲያ? ግጥም?»

ገበሬው ስቆ ሸክሙን አነሳ። እሳቸው ወጡ። ከተማው ውስጥ ካለው ቦኖ በየማለዳው እንደሚያስመጡ፣ እግራቸው ደህና በሆነ ቀንም ራሳቸው እንደሚሄዱ በኋላ ሰማሁ። ሩቅ ነው። ዳገት ነው። አይተው ለዩኝ፤ ፊታቸው አልተለወጠም። ኩባያውን አጥበው ሞሉና ሰጡኝ።

«መጀመሪያ አሽቺው» አሉኝ።

አፌ አጠገብ አድርጌ አሸተትኩ። ምንም አይሸትም ነበር። ሸክላ፣ ትንሽ ብቻ።

«እቃ አላጥንም ከእንግዲህ» አሉ። «ሽታ ካለው የሚጠጣው ሰው ይወቀው።»

ጠጣሁ። ሳኒታሪያኑ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ኩባያውን ስመልስላቸው እጄን ከኩባያው ጋር ያዙት።

«አጅሩ ይደርሰው ይሆን ግን?» አሉኝ። «ያን ሁሉ ቤንዚን ካጠጣኋቸው በኋላ?»

እንደገና አንድ ቃል የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። የእሳቸውን ሃይማኖት አላውቅም። የእኔንም በደንብ አላውቅም። ስለዚህ ኩባያውን ዘረጋሁላቸው። ጠምቶኝ አይደለም። ሞሉልኝ፣ ቆመው እያዩኝ እስከ ታች ጠጣሁት።

ከዚያ በኋላ በላይ በኩል መዞር ተውኩ። ሳልፍ እጠጣለሁ። እሳቸው ቤት ባይኖሩም እጠጣለሁ፤ ኩባያውን አጥቤ ሳህኑ ላይ እደፋዋለሁ። ይህን ያደረግሁት ከጅማ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ ነው። በረታሁ ለማለት አይደለም የምጽፈው። በጠጣሁ ቁጥር ለሟቹ አንድ ነገር ይሄድለት ከሆነ፣ ቢያንስ የእኔ ድርሻ እንዳይጎድል ብዬ ነው።